ቀስ በይ፣ ሚጣዬ

ካልጠፋ ጨዋታ «ፕሮጀክት ዞምቦይድ»ን ጀመርኩ አልሽኝ። ጎሽ የኔ እናት፣ ደግ አደረግሽ። አሁን ግን እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ትንሽ ስሚኝ። እኔ ከ«ሬዚደንት ኢቭል» እስከ «ሌፍት ፎር ዴድ»፣ ከዚያም እስከ «ዳይንግ ላይት» ድረስ ሙት የሚነሳበትን ጨዋታ ስጫወት የኖርኩ ነኝ። ይህን የከፈትኩት ግን በቅርቡ ነው፤ የምነግርሽም ገና ትኩስ ያለውን አስተያየቴን ነው። ከእነዚያ ይዤው የመጣሁት ልምድ ግማሹ እዚህ አይሠራም። ጌም ቤት ወንዶቹን በፊፋ የምታስለቅሺበት የጣት ፍጥነትማ ጭራሽ አይሠራም፤ አትቀየሚኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ይህ ቤት የመያዝ ጨዋታ ነው። ዞምቢው ቢበዛም ቢያስፈራም ዋናው ጉዳይ ውሃው፣ እህሉ፣ መጋረጃውና እንቅልፉ ነው። ይህ ያልገባው ሰው ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ይወጣና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበላል። አንቺ ግን አዳማ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ውሃ በሄደ ቀን በየትኛው ጀሪካን ምን ያህል እንደቀረ ሳትጠየቂ ታውቂያለሽ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንዳለ በጨለማ ታገኚዋለሽ። ያንን ዕውቀትሽን ይዘሽ ግቢ።

ሞትን አትፍሪ። ጨዋታው ገና ሲከፈት የሚተርክልሽ እንዴት እንደሞትሽ መሆኑን በግልጽ ይነግርሻል። ተልእኮ አይሰጥሽም፣ መጨረሻ ላይ የምትጥዪው አለቃ የለም፣ ሊያድንሽ የሚመጣ ሠራዊትም የለም። የሚቀረው ጥያቄ ስንት ቀን፣ እንዴት ባለ ኑሮ ቆየሽ የሚለው ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝም ይሄው ነው። በሌሎቹ ጨዋታዎች ብትሞቺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ፤ እዚህ ያቺ ካራክተር አለቀላት። በዚያው ዓለም ውስጥ ግን አዲስ ሰው ፈጥረሽ መጀመር ትችያለሽ፤ የቀድሞዋንም ቦርሳዋን እንዳዘለች ዞምቢ ሆና ስትንከራተት ልታገኚያት ትችያለሽ። የሰበሰብሽው ዕቃ ያለው እሷ ጀርባ ላይ ነው። ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ ግን ቦርሳውን ውሰጂ።

ቦታው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1993፣ በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሞባይል የለም፣ ጂፒኤስ የለም፤ ካርታ የምታገኚው ከየመኪናውና ከየሱቁ ፈልገሽ ነው። የእጅ ሰዓት ካላሰርሽ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አታይም። ሰዓቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 9፡00 ሲልሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት መሆኑን አትርሺ፣ አለዚያ መሽቶብሽ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ።

ስትጀምሪ ከተማ ያስመርጥሻል። ሮዝዉድን ምረጪ፤ ለጀማሪ ይቀላል። ዌስት ፖይንትን ለጊዜው ተዪው። ሉዊቪል ትልቁ ከተማ ስለሆነ ሱቁም ዞምቢውም እዚያ ነው የተከማቸው፤ ወደዚያ የሚኬደው ልብም ዕቃም ሲጠነክር ነው። ከሞጆ ተነስተሽ በመቂና በባቱ አድርገሽ ሻሸመኔ የሄድሽበትን መንገድ አስቢ፤ ሰው የሚበዛው መንገድ ዳር ባለው ገበያና መናኸሪያ ነው፣ ከመንገዱ ገባ ስትዪ ይሳሳል። ጨዋታውም ሕዝቡን ያሰፈረው በዚሁ ሥርዓት ነው። መኖሪያሽን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዙሪያው ገላጣ ከሆነ ቦታ ፈልጊ።

የአጨዋወቱን ደረጃም ዝቅ አድርጊው፣ የኔ ቆንጆ። «አፖካሊፕስ» የሚለውን መርጠሽ ማንም ሜዳሊያ አይሰጥሽም። «ቢልደር» በሚለው ጀምሪ፣ ወይም «ሳንድቦክስ» ገብተሽ የዞምቢውን ብዛት ራስሽ ቀንሺ። ሠሪዎቹ ያንን ቁልፍ ያስቀመጡት እንድትነኪው ነው። ሥሪቱንም በተመለከተ፣ 42ኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ለሙከራ የወጣ ነው፤ እንስሳት ማርባትና ምድር ቤት ጨምሯል። አንቺ ግን ቀድመሽ በ41ኛው ተለማመጂ፣ እሱ ረግቷል።

ካራክተር ስትፈጥሪ ድክመት በመረጥሽ ቁጥር ነጥብ ይሰጥሻል፣ በነጥቡም ብርታት ትገዢበታለሽ። ብዙ ልጆች አጫሽነትን የሚመርጡት ነጥቡ ስለሚያጓጓ ነው። ከዚያ ሲጋራ ያልቅና ዞምቢ የሞላበት ሱቅ ሲጋራ ፍለጋ ይገባሉ። በጨዋታም ቢሆን አይሆንሽም፣ ተዪው። እሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም አናጢ ሁኚ፤ የመጀመሪያው ይደባደባል፣ ሁለተኛው ቤት ያጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አትሩጪ። ዞምቢው ቀርፋፋ ነው፤ በእርምጃ ታመልጪዋለሽ። ስትሮጪ ትደክሚያለሽ፣ ስትደክሚ ክንድሽ ይዝላል፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ቢመታም አይጥልም። በስተቀኝ በኩል የሚወጡትን ትንንሽ ምልክቶች ተመልከቺ፤ ረሃቡን፣ ድካሙን፣ ፍርሃቱን፣ የሸክሙን ክብደት የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። እዚያ ላይ የድካም ምልክት እያየሽ «አንድ ብቻ ልጨምር» ካልሽ እኔ የለሁበትም።

ድምፅ አታሰሚ። ይህን ሦስት ጊዜ ብነግርሽ አይበዛም። «ሲ» የሚለውን ፊደል ተጭነሽ ጎንበስ ብለሽ ሂጂ። «ኪው»ን በስህተት እንዳትነኪ፣ ካራክተርሽ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወዳንቺ ይመጣል። ጠመንጃ ስታገኚ አውቃለሁ ደስ ይልሻል፤ ግን አንድ ጥይት ተኩሰሽ አንዱን ስትጥዪ ሰፈሩን በሙሉ ትጠሪያለሽ። አንዳንድ ቤት ደግሞ የሌባ ደወል አለው፤ መስኮት እንደሰበርሽ ይጮኻል። ያን ጊዜ ዕቃ ልሰብስብ ሳትዪ በመጣሽበት ተመለሺ። በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ አካባቢ ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ እሱም አያድንሽም፣ ድምፁ የአካባቢውን ዞምቢ ሁሉ እየጎተተ ነው የሚዞረው። የሚሰማሽ ቀን ውጭ አትገኚ። ራዲዮ ካገኘሽ የአስቸኳይ ጊዜ ማሳወቂያውን ፈልጊና አድምጪ፤ ስለ አየሩም ስለ ሄሊኮፕተሩም ቀድሞ ይናገራል።

መደባደብ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ። በ«ስፔስ» ገፍተሽ ጣያት፣ ከወደቀች በኋላ ጨርሻት። ሦስት ሆነው ከመጡ ወደ ኋላ እያፈገፈግሽ ለያያቸው። አጥር ወዳጅሽ ነው፤ አንቺ ትዘያለሽ፣ እነሱ ሲንጠላጠሉ ተደፍተው ይወድቃሉ፣ ያኔ ትመቻቸዋለሽ። በር ከመክፈትሽ በፊት በመስኮት እዪ። መስኮት ሰብረሽ ከገባሽ ደግሞ መጀመሪያ ስብርባሪውን አንሺ፣ አለዚያ እጅሽን ይቆርጥሻል፤ ከዞምቢው ጋር ሳትገናኚ በሰበርሽው መስታወት ደምሽ ይፈሳል።

ልብስ ልበሺ። ቆዳ ጃኬት፣ ረጅም ሱሪ፣ ጠንካራ ጫማ። ወሩ ሐምሌ፣ የዚያ አገር ሐምሌ ደግሞ በጋ ስለሆነ ያልብሻል፣ ቶሎም ይጠማሻል፤ ውሃ ይዘሽ ውጪ እንጂ ልብሱን አታውልቂ። መቧጨር 7 በመቶ፣ መሸርከት 25 በመቶ የመመረዝ ዕድል አለው። ንክሻ 100 በመቶ ነው። ስለዚህ ስትቧጨሪ ተስፋ ቆርጠሽ ራስሽን ለዞምቢ አትስጪ፤ ጠርገሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ አስረሽ ጠብቂ። ከተነከስሽ ግን ሁለት ሦስት ቀን አለሽ። በቀሩሽ ቀናት ምግቡንና መሣሪያውን ቤት አስገቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ለምትመጣው ካራክተር አዘጋጂላት። ጥሩ ተጫዋች የምትለየው እዚህ ላይ ነው።

ቤቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚጣፍጠው ቤት ውስጥ ነው። መብራትና ውሃ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ፣ በማታውቂው ቀን ይቋረጣሉ፤ አንዴ ከሄዱ አይመለሱም። ስለዚህ ከገባሽበት ሰዓት ጀምሮ ድስቱን፣ ጠርሙሱን፣ ባልዲውን፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ሙዪ። ብዙ ተጫዋቾች ቧንቧው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ እኛ ቤት ግን ቧንቧ መፍሰስ ሲጀምር ከእንቅልፍ ተነስተን ነው የምንቀዳው። በኋላ የዝናብ ውሃ መያዣ በርሜል ትሠሪያለሽ፤ ያንን አፍልተሽ ጠጪ። ምግቡንም በተራ ብዪ፦ መጀመሪያ ሥጋውንና አትክልቱን፣ የቆርቆሮውን ለክፉ ቀን።

መጋረጃውን ዝጊ። መጋረጃ ከሌለ አንሶላ ስቀዪ። ሌሊት ከውጭ የሚታይ ብርሃን አይኑር። ፎቅ ካለ ፎቅ ላይ ተኚ፣ በመስኮቱም የአንሶላ ገመድ አስሪ፤ ከታች ከገቡብሽ በዚያ ትወርጃለሽ። ምድጃ ለኩሰሽ አትውጪ፣ ቤቱ ይቃጠላል። ሸክም አታብዢ፤ ያገኘሽውን ሁሉ መልቀም የገበያ ቀን ልማድ ነው፣ እዚህ ይገድላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቴሌቪዥን እዪ፤ ይህን የምለው በእውነት ነው። «ላይፍ ኤንድ ሊቪንግ» የሚባል ጣቢያ አናጢነት፣ ምግብ ማብሰል፣ ዓሣ ማጥመድ ያስተምራል፣ ካራክተርሽም ከዚያ ትማራለች። የሙያ መጽሐፍ ካገኘሽም ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት አንብቢው፤ አንብባ የሠራች ካራክተር ሳታነብ ከሠራችው በብዙ እጥፍ ፈጥና ትለምዳለች። ሌላው ተጫዋች ሁሉ ውጭ ሲደባደብ አንቺ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ማንበብሽ ያዋጣሻል።

ጀነሬተር የማስነሳት ዕውቀት የሚገኘው ከአንድ መጽሔት ነው፤ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነሽ ከጀመርሽ። ስታገኚው ቤት ውስጥ እንዳታስነሺው፣ ጭሱ ተኝተሽ ይገድልሻል። እዚህ ላይ ጨዋታውን አቁሚና ዓይኔን እዪኝ። ይህ የጨዋታ ፈጠራ አይደለም። ከሰል አያይዞ ወይም ጀነሬተር አስነስቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በአገራችን ቤተሰብ በሙሉ የጨረሰ ነገር ነው። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅስም። መብራት በሄደ ሌሊት ቡናውን በከሰል ብታፈዪም ከሰሉ ውጭ ይደር። ቃል ግቢልኝ።

ከስክሪኑ ውጭ ስላለውም ትንሽ ልጨቅጭቅሽ። ጨዋታው ከባድ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ 8 ጊጋ ራምና 5 ጊጋ የሚሆን ቦታ ይበቃዋል፣ ብቻሽን ስትጫወቺ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ግን ላፕቶፕሽን ይፈጀዋል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጪው፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ የአየር ማስገቢያውንም በየጊዜው አጽጂው። መብራት መጥቶ ወዲያው ሲቆራረጥ ቻርጀሩን ንቀዪው።

ዋጋው 19.99 ዶላር ነው፤ በብር ከ2,000 በላይ ይሆናል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጠውን አትውሰጂ፤ ከጨዋታው ጋር ቫይረስ ይዞ ይመጣና የትምህርት ሥራሽን ይበላዋል። ስቲም በየዓመቱ በፈረንጆች በጋና ክረምት ቅናሽ ያደርጋል፤ እስከዚያ አጠራቅሚ። ውጭ አገር ያለችው አክስትሽ «ምን ልላክልሽ?» ስትል ጫማ ብቻ አትጠይቂያት። ቴሌግራም ላይ «አካውንት በርካሽ እሸጥልሻለሁ» ለሚል ለማታውቂው ሰው ግን አንድ ብር እንዳትልኪ።

ከሰው ጋር መጫወት ስትጀምሪ ከአክስትሽ ልጆችና ከጓደኞችሽ ጋር ይሁን። ከማታውቂያቸው ጋር ከሆነ የጨዋታ ስም ተጠቀሚ። እውነተኛ ስምሽን፣ ስልክሽን፣ ፎቶሽን፣ የምትማሪበትን ትምህርት ቤት አትንገሪ። ድምፅሽን ሰምቶ የሚለሳለስ፣ ዕቃ በነፃ እያቀበለ «የት ነሽ፣ እንገናኝ» የሚል አይጠፋም። መልስ አትስጪው፤ አግጂውና ለእኔ ንገሪኝ። ምንም ብታደርጊ አልቆጣሽም፣ ብቻ ንገሪኝ።

እማዬ መጥታ «ይሄ የሰይጣን ነገር ምንድነው?» ስትል አትመልሺላት፣ አስቀምጫትና አሳያት። የሞተ ሰው ሲራመድ ካየች ታማትባለች፤ ነገር ግን ድንች ስትተክዪ፣ ውሃ ስታፈዪ፣ አንሶላ ስትሰቅዪ ብታይ እሷም ምክር መስጠት ትጀምራለች። በቅዳሴና በአዛን ሰዓት ድምፁን ዝቅ አድርጊ፤ ጎረቤት አለ። ፈተና ሳምንት ላይ ጨርሶ አትክፈቺው። ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላም አትጫወቺ፤ ካራክተርሽ እንቅልፍ ካጣች እንደምትዳከም ጨዋታው ራሱ እያሳየሽ አንቺ ለምን ትነቂያለሽ?

ስለ ሠሪዎቹም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። «ዘ ኢንዲ ስቶን» ይባላሉ፤ እንግሊዝ አገር የተቋቋመ ትንሽ ቡድን ነው፣ ከመሥራቾቹም አንዷ ማሪና ሲዩ-ቾንግ የምትባል ሴት ናት። ጨዋታውን መሸጥ በጀመሩበት በዚያው በ2011 እ.ኤ.አ. ቤታቸው ሌባ ገብቶ ላፕቶፖቻቸውን ወሰደ፤ ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ የወራት ሥራ አብሮ ሄደ። አንገታቸውን ደፍተው አልቀሩም፣ እንደገና ጻፉት፤ ዛሬም እያሻሻሉት ነው። አንቺ ግን የእነሱን ያህል ዋጋ ሳትከፍዪ ተማሪ፦ የጨዋታሽን ማኅደርም ሆነ የትምህርት ሥራሽን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ይሁን።

የማይጥመኝንም ልንገርሽ። ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ዕቃ ከቦርሳ ቦርሳ ስታዛውሪ ሰዓቱ ያልቃል፣ ጽሑፉም ደቃቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግራ ያጋባሉ፣ ማንም እጅሽን ይዞ አያስተምርሽም። ሥዕሉም ከላይ ወደ ታች የሚታይ ስለሆነ ከሌሎቹ አንጻር ያረጀ ይመስላል። ታገሺው። ከሰል ላይ የተጣደ ሽሮ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚንተከተከው። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የዞምቢ ጨዋታዎች ውስጥ ጥንቃቄን ከድፍረት ያስበለጠ ሌላ አላየሁም፣ ለዚህም ነው ላንቺ የወደድኩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ይህ ጨዋታ ካርታ መሥሪያ አለው፤ ሠሪዎቹ በነፃ ነው የሚሰጡት። የውስጥ ትእዛዙም «ሉዋ» በሚባል ቀላል ቋንቋ የሚጻፍ ስለሆነ ማንም ይቀጥልበታል። የአዲስ አበባዎቹ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ሲሠሩ የእኛ ዶሮና የእኛ ገበጣ ጨዋታ መሆን እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከተማችን የሚጎድላት ምን አለ? ጋሪው አለ፣ ባጃጁ አለ። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመሩበት ወንጂ አለ፤ ስኳር የማይበላሽ ምግብ ነው። የሶደሬ ፍል ውሃ አለ፣ የአዋሽ ወንዝ አለ፣ የባቱ ሐይቅ ዓሣ አለ። ዳገቱ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች አሉ፤ ሰው ሁሉ ቢጠፋ እነዚያ እስከ መቼ ይዞራሉ፣ ድምፃቸውስ ማንን ይጠራል? ይህን ጥያቄ ኬንታኪ ያለ ሰው አያስበውም፣ አንቺ ግን ታስቢዋለሽ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ፕሮግራሚንጉን ይዘሽ፣ አሁን ግን ዕረፍትሽ ላይ፣ በወረቀትና በእርሳስ ጀምሪው። የሰፈርሽን አጥሮች፣ የውሃ ቧንቧዎቹን፣ ፎቅ ያላቸውን ቤቶች ሣዪና አምጪልኝ። ከፍራንኮ ሰፈር እንጀምራለን።